ታክሲህ ውስጥ የገባችው ልጅ ካሳሰበችህ፦ ለዊኒፔጉ ሹፌር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። «ዊኒፔግ ውስጥ የሌሊት ታክሲ እነዳለሁ። በየዓመቱ ሜይ 5 ዛፍ ላይ ቀይ ቀሚስ ተሰቅሎ አያለሁ። ልጄም ቀይ ልብስ ለብሳ እንድትሄድ ከትምህርት ቤት ወረቀት መጣ። በአዳሪ ትምህርት ቤት ለሞቱት ሕፃናት ነው አሉኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ኔቲቮቹን የሚገድሏቸው የራሳቸው ወንዶች ናቸው፤ ነገሩ መጠጥና ዕፅ ነው፤ መንግሥት ብር ይሰጣቸዋል፤ እኛን አያገባንም› ይላሉ። ባለፈው ግን አንዲት ልጅ፣ ቢበዛ 15 ቢሆናት ነው፣ ከአንድ ጎልማሳ ሰውዬ ጋር ከሞቴል ጫንኩ። አንድም ቃል አልተናገረችም። ሌላ ሞቴል አወረድኳቸው። ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣችም። ምን ማድረግ ነበረብኝ? ብደውልስ ጣጣው እኔ ላይ አይመጣም?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ የሕግ ጉዳይ ነው። አዎ፣ መደወል ነበረብህ። ዊኒፔግ ባለችበት በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ከ2023 ጀምሮ ሆቴሎችና ታክሲዎች ሰው እየተነገደበት ነው ብለው ከጠረጠሩ ወዲያው ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። እርግጠኛ ሁን የሚልህ የለም። መርማሪ አይደለህም፤ በቂ ጥርጣሬ ይበቃል። ከዚያ ሕግ በፊትም ቢሆን ማንም ሰው፣ ሹፌርም ይሁን ጎረቤት፣ አንድ ልጅ አደጋ ላይ ነው ብሎ የሚያምንበት ምክንያት ካለው ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ ይገደዳል። «ፈቅዳ ቢሆንስ?» እንዳትለኝ። ካናዳ ውስጥ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ ለወሲብ ንግድ ፈቃድ መስጠት አትችልም። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ዕድሜዋ ምንም ይሁን ምን ወንጀለኛው የሚገዛው ሰውዬ ነው፤ ሴቷ በዚህ አትከሰስም።

አሁንም አልዘገየም። ከየት ጭነህ የት እንዳወረድክ፣ በስንት ሰዓት፣ የሰውዬው መልክ ምን እንደሚመስል ዛሬውኑ ጻፍና ለፖሊስ ደውል። ድርጅትህ የጉዞው መዝገብ አለው፤ ታክሲህም ካሜራ አለበት። በቅን ልቦና የደወለ ሰው በመደወሉ አይከሰስም፤ የደዋዩን ማንነትም የሕፃናት ጥበቃ ሕጉ ይጠብቃል። ፒአርህን፣ ማለትም የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድህን፣ አይነካውም፣ የዜግነት ማመልከቻህንም አይነካውም። ብዙ ወገኖቻችን «ፖሊስ ጋ ስሜ ከተነሳ አበቃልኝ» ብለው ያስባሉ። ያ ፍርሃት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፣ ግን እዚህ ቦታው አይደለም።

አሁን ወደ ቀሚሱ። ሁለት ቀኖች ተደበላልቀውብሃል። ከወላጆቻቸው ተነጥቀው አዳሪ ትምህርት ቤት ለገቡት ልጆች የሚታሰበው ሴፕቴምበር 30 ነው፤ ቀለሙም ብርቱካናማ፣ ልብሱም ቲሸርት ነው። ቀዩ ቀሚስ የሌላ ነገር ነው፤ የተገደሉና የጠፉ የካናዳ ነባር ሕዝቦች፣ ጓደኞችህ ኔቲቭ የሚሏቸው፣ ኢንዲጂነስ የሚባሉት፣ ሴቶችና ልጃገረዶች መታሰቢያ ነው። የጀመረችው ጄይሚ ብላክ የምትባል፣ ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የሜቲ ተወላጅ አርቲስት ናት። በ2010 ባዶ ቀይ ቀሚሶችን ሰዎች በሚያልፉበት ቦታ መስቀል ጀመረች። መነሻዋም ያንተው ከተማ ዊኒፔግ ነው። ቀሚሱ ባዶ የሆነው የምትለብሰው ስለሌለች ነው። ልጅህ ቀይ ለብሳ ትሂድ። አንተም ቀሚሶቹ ሥር ቆመህ ሰልፊ አትነሳ፤ አንዳንዶቹን የሰቀሉት የሟች እናቶች ናቸው።

የጓደኞችህ ወሬ እውነት የሚመስለው ጫፉ እውነት ስላለው ነው። የካናዳ ፌደራል ፖሊስ በ2014 ባወጣው ሪፖርት 1,181 የነባር ሕዝቦች ሴቶች ጉዳዮች ተቆጥረዋል። 1,017ቱ ከ1980 እስከ 2012 የተገደሉ፣ 164ቱ የጠፉ ናቸው። በዚያ ሪፖርት መሠረት የነባር ሕዝቦች ሴቶች ከአገሩ ሴት 4.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ ከተገደሉት ሴቶች 16 በመቶዎቹ እነሱ ናቸው። ይህ ለፖሊስ የደረሰውና ፖሊስ በማንነታቸው የመዘገባቸው ብቻ ነው፤ ቤተሰቦች ቁጥሩ ከዚህ በላይ ነው ይላሉ። እና አዎ፣ አብዛኞቹን የገደላቸው የሚያውቁት ሰው ነው። ግን ይህ የየትም አገር ሴት ዕጣ ነው፤ የእኛም አገር ሴት የምትሞተው በብዛት በቤቷ ነው። ጓደኞችህ የማይነግሩህ ከዚያው ሪፖርት ያለውን ሌላውን ቁጥር ነው። በባል ወይም በቀድሞ ባል የተገደሉት ከነባር ሕዝቦች ሴቶች መካከል 29 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ሴቶች መካከል 41 በመቶ ናቸው። ከመተዋወቅ ያለፈ ቅርበት በሌለው ሰው፣ በአንድ ሰፈር ሰው፣ በመንገድ በተዋወቀችው ሰው የተገደሉት ግን 30 በመቶ ሲሆኑ የሌሎቹ 19 በመቶ ነው። ማለትም እነዚህን ሴቶች ከሌሎቹ የሚለያቸው ከቤት ውጭም እንደልብ የሚጠቁ መሆናቸው ነው። «70 በመቶውን የገደሉት የራሳቸው ወንዶች ናቸው» የሚለውን በ2015 ያሰራጨው የወቅቱ የነባር ሕዝቦች ጉዳይ ሚኒስትር ነበር፤ በኋላ ስለተገደሉትና ስለጠፉት ሴቶች የተቋቋመው አገር አቀፉ አጣሪ ኮሚሽን በማስረጃ የቆመ አይደለም ብሎታል።

እንደልብ የሚጠቁት ለምንድን ነው? ሰው «መጠጥ» ብሎ ይገላገላል። መጠጡ አለ፣ አልክድህም፤ በሥራዬ በየቀኑ አየዋለሁ። ግን መጠጥ የሌለበት አገር የለም፣ መጠጥ ያለበት ሁሉ ደግሞ ሴቶች በዚህ መጠን አይጠፉም። በእነዚህ ሴቶች ሕይወት ላይ ሕግ ነው የገባው። ነባር ሕዝቦችን በሚመለከተው፣ በ1876 በወጣው የኢንዲያን አክት ሥር አንዲት ሴት በሕጉ እንደ ነባር ሕዝብ ያልተመዘገበ ወንድ ካገባች ሕጋዊ ማንነቷን ታጣ ነበር፤ ከሪዘርቩ፣ ማለትም ለነባር ሕዝቦች ከተከለለው መሬት፣ ትወጣለች፣ ልጆቿም አብረው ይወጣሉ። ወንዱ ሌላ ቢያገባ ግን ምንም አይሆንም፣ እንዲያውም ሚስቱ ማንነቱን ታገኛለች። ይህ የቆየው እስከ 1985 ነው። የዚህ ሕግ ሰለባ የሆኑ አያቶች ዛሬም በሕይወት አሉ።

ከዚያ አዳሪ ትምህርት ቤቶቹ። ከ150,000 በላይ ልጆች ከእናታቸው ጉያ ተነጥቀው ገብተውበታል፤ የመጨረሻው የተዘጋው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። እዚያ የተደበደበ፣ የተደፈረ፣ በቋንቋው እንዳይናገር የተቀጣ ልጅ አድጎ ወላጅ ይሆናል። ማን አሳድጎት ነው ማሳደግ የሚያውቀው? ትምህርት ቤቶቹ ሲዘጉ ደግሞ የሕፃናት ጥበቃው ተተካ። በ2021 ቆጠራ ከ15 ዓመት በታች ካሉ የካናዳ ልጆች የነባር ሕዝቦቹ 7.7 በመቶ ነበሩ፤ መንግሥት ከቤተሰባቸው ወስዶ በሌላ ሰው ቤት በማደጎ ከሚያኖራቸው ውስጥ ግን 53.8 በመቶዎቹ እነሱ ናቸው። የሴት ልጅ ነጋዴዎች ይህንን ያውቃሉ። ከማደጎ ቤት የወጣች፣ የምትደውልለት ዘመድ የሌላት፣ ብትጠፋ «ለምዶባታል፣ ትመለሳለች» የምትባል ልጅ ነው የሚፈልጉት።

ቲና ፎንቴይንን ስሟን ሰምተህ ይሆናል። ሳግኪንግ ከሚባል የነባር ሕዝብ ማኅበረሰብ የመጣች የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። በኦገስት 2014 አስከሬኗ ከሬድ ሪቨር ወጣ። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ አሟሟቷ ብቻ አይደለም። ከዚያ ከጥቂት ቀናት በፊት፣ በአንድ ቀን ውስጥ፣ ጠፍታለች ተብላ ተመዝግባ ሳለ ፖሊስ በሰው መኪና ውስጥ አገኛት፤ ለቀቃት። አምቡላንስ መንገድ ላይ ራሷን ስታ አነሳት። ሆስፒታል አያት። የሕፃናት ጥበቃ ሠራተኛ ተረክቦ ሆቴል አስገባት። ከሆቴሉ ወጥታ ሄደች። በዚያ ቀን ሁሉም አየት፣ ማንም አልያዛትም። የተከሰሰው ሰው በ2018 ነፃ ተባለ። እንግዲህ ያንተ ታክሲ ከነዚያ እጆች አንዱ ሊሆን የሚችለው እንዲህ ባለው ቀን ነው።

ዝምታውም አዲስ አይደለም። በ1971 ዘ ፓ በምትባል የሰሜን ማኒቶባ ከተማ ሔለን ቤቲ ኦዝቦርን የተባለች የ19 ዓመት ተማሪ አራት ነጭ ወጣቶች መኪና ውስጥ ጎትተው አስገብተው ገደሏት። ከተማው ውስጥ እነማን እንደሆኑ የሚያውቁ ብዙ ነበሩ። ፍርድ ቤት የደረሰው ከ16 ዓመት በኋላ ነው፤ የተፈረደበትም አንዱ ብቻ ነው። ኋላ ማኒቶባ ውስጥ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ዘረኝነት እንደገደላት በግልጽ ጽፏል።

የቅርቡን አንተው እዚህ ሆነህ ሰምተኸዋል። በ2022 አንድ ሰው ዊኒፔግ ውስጥ አራት የነባር ሕዝቦች ሴቶችን ገደለ። የሁለቱ አስከሬን ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የቆሻሻ መጣያ እንዳለ ፖሊስ ያምን ነበር፤ ግን ፍለጋው አያዋጣም፣ አደገኛ ነው ተባለ። በ2023ቱ ምርጫ የክፍለ ሀገሩ ገዢ ፓርቲ ፍለጋውን መቃወሙን መፈክር አድርጎ ቢልቦርድ ላይ ለጠፈው። ተሸነፈ። አዲሱ የክፍለ ሀገሩ መሪ ዋብ ኪኑ፣ ራሱም የነባር ሕዝቦች ልጅ ነው፣ ፍለጋውን አስጀመረ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተገኙ። አይቻልም የተባለው በወራት ውስጥ ተቻለ። ቤተሰቦቹ ግን ልጆቻቸውን ለመቅበር የበቁት መንገድ ዘግተው፣ ድንኳን ተክለው፣ ፓርላማ ደጅ ጠንተው ነው። እኅቶቻችን ቤይሩት ወይ ሪያድ ሲጠፉ አሠሪው «ኮብልላ ነው» ብሎ ሲናገርና ፖሊስም ያንኑ ጽፎ ፋይሉን ሲዘጋ የምንናደደውን ያህል እዚህም መናደድ ነበረብን።

«መንግሥት ብር ይሰጣቸዋል» የሚለውን ቶሎ ልለፈው። የግብር ነፃነቱ በሪዘርቭ ላይ የሚገኝ ገቢንና ንብረትን የሚመለከት፣ ሕጋዊ ስታተስ ላላቸው ብቻ የተወሰነ ነው። ከሪዘርቭ ውጭ፣ ዊኒፔግ ውስጥ ተቀጥራ የምትሠራ የነባር ሕዝብ ልጅ ግብሯን እንዳንተ ትከፍላለች። ለዓመታት ውሃ አፍልታ የምትጠጣ ማኅበረሰብ ያለበት አገር ውስጥ ስለ ነፃ ብር ማውራት ያሳፍራል።

አሁን ወደ ታክሲው እንመለስ፤ ለአንተ ዋናው እዚያ ነው። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ ሃይዌይ 16 የሚባል፣ ከፕሪንስ ጆርጅ እስከ ፕሪንስ ሩፐርት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም መንገድ አለ። የእንባ መንገድ ይሉታል። ብዙ ልጃገረዶች ሊፍት ሲለምኑ ጠፍተውበታል። ለምን ሊፍት ይለምናሉ ብትል፣ በቂ አውቶቡስ አልነበረማ። በ2006 ማኅበረሰቦቹ ተሰብስበው አውቶቡስ ይግባልን አሉ፤ የመንግሥት አውቶቡስ የመጣው በ2017 ነው። ትራንስፖርት የሌላት ሴት ያገኘችውን መኪና ትሳፈራለች። ከተማ ውስጥ ደግሞ ያ መኪና ታክሲ ነው፤ ታክሲውም ሁልጊዜ ደህና አይደለም። እዚሁ ዊኒፔግ የነባር ሕዝብ ሴቶች በሹፌሮች ይሰደባሉ፣ በቅድሚያ ክፈሉ ይባላሉ፣ ከዚያም የባሰ ይደርስባቸዋል። ሲሰለቻቸው በ2016 ኢክዌ የሚባል፣ ሴቶች ሴቶችን የሚያደርሱበት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አቋቋሙ። ስለ ሹፌር ሲወራ ስለ እኛ ነው የሚወራው። በዚያ ሙያ ብዙ ሐበሻ አለ።

አገር አቀፉ አጣሪ ኮሚሽን በ2019 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት 231 ጥሪዎች አሉ። ብዙዎቹ ለመንግሥት ናቸው፣ አፈጻጸማቸውም ቀርፋፋ ነው። ከነዚያ ውስጥ አንዱ ግን በቀጥታ ለትራንስፖርትና ለሆቴል ሠራተኞች የተጻፈ ነው፤ የወሲብ ብዝበዛና የሰው ንግድ ምልክቶችን እንዲያውቁና እንዲያሳውቁ ሥልጠና ይሰጣቸው ይላል። እኛን አያገባንም ላለህ ጓደኛህ ይህንን ንገረው። ከ2021 ጀምሮ የዜግነት መሐላው ራሱ የነባር ሕዝቦችን መብት ይጠቅሳል። ከዚያ ወዲህ ዜግነት ከወሰደ እጁን አንስቶ ምሏል።

ታዲያ ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ጥንቃቄ። የነባር ሕዝብ ልጅ ከጎልማሳ ሰው ጋር ባየህ ቁጥር ፖሊስ አትጥራ፤ አጎቷ ነው፣ አያቷ ነው፣ አባቷ ነው። በመልክ መጠርጠር ራሱ ሌላ በደል ነው፤ በፖሊስ የቆሰለ ሕዝብ ነው። የምታየው ነገሩን ነው። ልጅቷ የት እንደምትሄድ አታውቅም። ስትጠይቃት ሰውዬው ይመልሳል። ስልኳን እሱ ይዞታል። ከሞቴል ወደ ሞቴል ነው ጉዞው። ያችኑ ልጅ በአንድ ሳምንት ከተለያየ ወንድ ጋር ጫንካት። ሰክራ ወይም ደንዝዛ ራሷን መቆም አልቻለችም። በብርድ ያለ ጃኬት ናት። ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ላይነግርህ ይችላል፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጣጠሙ ግን ሆድህ የሚነግርህን አትናቀው።

እንዲህ ሲሆን ሰውዬውን አትጋፈጠው። መንገድ ቀይረህ ወደ ፖሊስ ጣቢያ አትንዳ፤ አንተም ትጎዳለህ፣ እሷም ትመታለች። እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ አድርሳቸው፣ ታርጋና የክፍል ቁጥር ካየህ ያዝ፣ ጥቂት ራቅ ብለህ ቁም፣ ከዚያ ወዲያው 911 ደውል። ልጅ ናት፣ አደጋ ላይ ትመስለኛለች በል። ይበቃል። እንግሊዝኛዬ አያደርሰኝም ካልክ አስተርጓሚ ጠይቅ። ምክር ብቻ ከፈለግክ የካናዳ የሰው ንግድ መስመር 1-833-900-1010 ቀንና ሌሊት ይሠራል። ፎቶዋን አንስተህ ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ግን አይሆንም፤ ነጋዴው ካንተ ቀድሞ ያገኘዋል።

ብቻዋን ከሆነችና ብር ከሌላት ነገሩ ይለያል። ሌሊት፣ ሲቀነስ 25፣ ሒሳብ የላትም ብለህ ጎዳና ላይ አታውርዳት። ወደ ቤትህም አትውሰዳት፤ ሐሳብህ ንጹሕ ቢሆንም። የት ደህና እንደሆነ እሷን ጠይቃት። አዋቂ ከሆነች ዊኒፔግ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሆነ ቬልማስ ሀውስ የሚባል የሴቶች መጠለያ አለ፣ አድራሻውን ስልክህ ላይ አስቀምጥ። አዋቂ ሴት ፖሊስ አትጥራብኝ ካለችህ ደግሞ፣ የሕይወት አደጋ ወይም የሰው ንግድ ጥርጣሬ ከሌለ፣ ቃሏን አክብር። ልጅ ከሆነች ምርጫው የአንተም የእሷም አይደለም፣ ትደውላለህ።

ወሰኑንም ልንገርህ። ደውለህ ፖሊስ ላይደርስ ይችላል። ሲደርስ ሄደው ሊሆን ይችላል። ልጅቷም ከፖሊስ ልትሸሽ ትችላለች፣ ምክንያት አላት። ውጤቱን ማንም አይነግርህም፣ የልጅ ጉዳይ ምስጢር ነውና። ይህ ሁሉ አለመደወልን አያመጣም። አንድ ቀን ያች ልጅ ስትፈለግ መጨረሻ የታየችበትን ሰዓት የሚያውቀው መዝገብ ያንተ ሊሆን ይችላል። አንድ ሌላ የተሳሳተ ወሬም ላርም፤ ሰው ሲጠፋ 24 ሰዓት ጠብቁ የሚባል ሕግ ካናዳ ውስጥ የለም። ጠፋች ባልክበት ደቂቃ ማመልከት ትችላለህ።

ሚኒያፖሊስና አካባቢው ኡበር ለምትነዱ፣ ነገሩ እናንተም ጋ አለ። ሚኒሶታ በ2021 ለዚህ ጉዳይ ብቻ ቢሮ ያቋቋመች የመጀመሪያዋ ግዛት ናት። ሕጉ ይለያያል፣ ያላችሁበትን ግዛት ሕግ እዩ።

የመጨረሻው ከባዱ ነው። በተራ ላይ ቆማችሁ ስትጠብቁ «እነዚህ እኮ በአሥር ዶላር…» ብሎ የሚቀልድ አለ። ታውቀዋለህ። እየሳቁ ማለፍ ይቁም፤ ቀልዱ ለሚያደርገው ሰው ፈቃድ ነው። ቀልድ ብቻ ካልሆነ፣ ከተሳፋሪ ላይ በሒሳብ ፈንታ ሌላ ነገር የሚጠይቅ ባልደረባ ካለ፣ ያገሬ ልጅ ነው፣ ቤተሰብ አለው፣ ፈቃዱን ይቀሙታል ብለህ አትሸፍነው። ሴቷ ትደውል ብለህም አትጠብቅ፤ ብትደውል የሚያምናት እንደሌለ ታውቃለች። ለድርጅቱ ንገር፣ ለከተማው 311 ደውል፣ ወንጀል ካየህ ለፖሊስ። በማኅበራችሁ ስብሰባም ላይ አንሳው፣ በአማርኛ፣ ሽማግሌዎቹም ባሉበት። ቤተሰብ ጠፍቶባት የሚያነጋግራት የምትፈልግ የነባር ሕዝብ ተሳፋሪ ካጋጠመችህ ደግሞ ይህን ቁጥር ስጣት፦ 1-844-413-6649፤ ለእነሱ የተቋቋመ፣ 24 ሰዓት የሚሠራ ነው።